አር50 ልግዛ ወይስ ዜድቪ-ኢ10? ስፔክ ማንበብ ለሰለቻት እናት

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትልቁ 10 ዓመቱ ነው፣ ኳስ ይጫወታል፣ ትንሿ 3 ዓመቷ ነው፣ አንድ ቦታ አትቀመጥም። እስካሁን በስልኬ ነው የማነሳቸው። ልጄ ኳስ ሲመታ ያነሳሁት ሁሉ ብዥ ይላል፣ ማታ ቤት ውስጥ ያነሳሁትማ አይነሳ። እኔ ደግሞ ልብስ ስፌት አስተምራለሁ፣ አልፎ አልፎ የትምህርት ቪዲዮ መሥራት እፈልጋለሁ። ሚረርለስ ካሜራ (ሌንሱ የሚቀያየር ትንሽ ካሜራ) ለመግዛት ገንዘብ ሳጠራቅም ቆይቼ ካኖን አር50 እና ሶኒ ዜድቪ-ኢ10 ላይ ደረስኩ፣ ከዚያ በኋላ ግን ባነበብኩ ቁጥር ግራ ገባኝ። ባለቤቴ ‹ሁለቱም 24 ሜጋፒክስል ናቸው፣ ርካሹን ገዝተሽ ገላግዪን› ይላል። ወንድሙ ደግሞ ‹ፉል ፍሬም ካልሆነ ገንዘብሽን አታባክኚ› ይለኛል። እባክዎ አንዱን ይምረጡልኝ። ቦርሳ፣ ፊልተር፣ ትራይፖድስ አብሬ ልግዛ?» (ግራ የገባት እናት)

ሰላም እህቴ፣ «አንቺ» እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር አይበልሽ። መልሱን መጨረሻ ላይ ደብቄ ላንከራትትሽ አልፈልግም፣ አር50ን ግዢ። ግን ለምን እንደሆነ ካልገባሽ ነገ አንዱ መጥቶ ሌላ ነገር ሲነግርሽ እንደገና ትወዛወዢያለሽ፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝና ላስረዳሽ።

መጀመሪያ ባለቤትሽ። ግማሹን ልክ ነው። ሁለቱም ካሜራ 24.2 ሜጋፒክስል ነው፣ ፎቶው ወደ 6000 በ4000 ፒክስል ይወጣል ማለት ነው፣ ይሄ ደሞ በጥሩ ጥራት 50 በ34 ሴንቲሜትር ገደማ ለማሳተም ይበቃል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ማለት እኮ ነው። ስለዚህ ሜጋፒክስል የሚባለውን ነገር ከዛሬ ጀምሮ እርሺው፣ በዚህ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ያልተዋጠልኝ ከዚያ የደረሰበት መደምደሚያ ነው፣ በአንድ ነገር እኩል ሆኑ ማለት በሁሉም እኩል ናቸው ማለት አይደለማ።

የባለቤትሽን ወንድም ደሞ ለጊዜው ጆሮ ዳባ ልበስ በይው። ፉል ፍሬም ማለት ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) 36 በ24 ሚሊሜትር የሆነ ነው፣ አንቺ የመረጥሻቸው ሁለቱም ኤፒኤስ-ሲ ናቸው፣ ማለትም ሴንሰራቸው ከዚያ ያንሳል፣ የካኖኑ 22.3 በ14.9፣ የሶኒው ደሞ ትንሽ ሰፋ ብሎ 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር አካባቢ። ትልቁ ሴንሰር ጨለማ ላይ ይሻላል፣ አልክድም። ነገር ግን ቦዲውም ሌንሱም ይከብዳል፣ ይወደዳል፣ እና ኳስ ሜዳ ላይ ትንሹ ሴንሰር እንዲያውም ይጠቅምሻል፣ ምክንያቱም ካኖኑ ላይ ሌንሱ የሚያሳይሽ እይታ በ1.6 ይባዛል፣ 210 ሚሜ የሚል ሌንስ ፉል ፍሬም ላይ 336 ሚሜ የሚሰጠውን ያህል ልጅሽን ያቀርብልሻል። ያንን ያህል ርቀት የሚያቀርብ የፉል ፍሬም ሌንስ ተሸክመሽ ከ3 ዓመት ልጅ ጋር ሜዳ ዳር ስትቆሚ ይታይሽ። አጎታቸው ይያዝልሽ እንጂ እኔ አልመክርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሁለት ካሜራ ስታወዳድሪ «የቱ ብዙ ነገር አለው» ብለሽ ከቆጠርሽ አያልቅም፣ ሁለቱም ብዙ ነገር አላቸው። እኔ የማየው የጎደለውን ነው። እያንዳንዱ ካሜራ ምን ይጎድለዋል፣ የጎደለው ነገርስ በኋላ ገንዘብ ሲገኝ ሊሟላ ይችላል ወይስ ካሜራውን እስክትሸጪ ድረስ አብሮሽ ይኖራል? ይሄን ስትጠይቂ ነገሩ ወዲያው ጥርት ይላል።

ዜድቪ-ኢ10 በፈረንጆቹ 2021 የወጣ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምነግርሽ)፣ ሶኒ ለቪዲዮ ሰሪዎች ብሎ የሠራው፣ ቪውፋይንደር የለውም። ዓይንሽን የምታስጠጊበት ትንሿ መስኮት ማለቴ ነው። ሁሉንም ነገር የምታዪው ከኋላ ባለው ስክሪን ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ችግር የለም፣ ስልክም ላይ እንደዛው ነው የለመድሽው። አሁን ግን ቀን 8 ሰዓት ላይ ሜዳ ዳር ቁሚ፣ ፀሐይዋ ከኋላሽ ነች፣ ካሜራውን ከፍ አድርገሽ ስክሪኑን ስታዪ የሚታይሽ የራስሽ ግንባር ነው። ብራይትነሱን እስከ መጨረሻ ብትጨምሪውም ልጅሽ የቱ ጋ እንዳለ በግምት ነው የምታነሺው። ከዛ ደሞ ረጅም ሌንስ ገጥመሽ እጅሽን ወደፊት ዘርግተሽ ይዘሽ ስትከተዪው ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ዙም ባደረግሽ ቁጥር ልጁ ከፍሬም ውጪ ይወጣል፣ ስትፈልጊው ጎሉ ገብቶ አልቋል። ዓይንሽ ላይ ስታስደግፊው ግን ሁለቱ እጅሽና ፊትሽ አንድ ላይ ይይዙታል፣ ፀሐይ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም፣ ሌላኛው ዓይንሽን ከፍተሽ ኳሷ ከየት እየመጣች እንደሆነ ማየትም ትችያለሽ። እና ለዜድቪ-ኢ10 ቪውፋይንደር በኋላ ገዝተሽ ልትገጥሚለት አትችዪም፣ መግጠሚያ የለውም። የለውም ማለት የለውም።

አር50 በ2023 የወጣ ነው፣ 2.36 ሚሊዮን ዶት ያለው ቪውፋይንደር አለው። ትልቅ ነው አልልሽም፣ ትንሽዬ ነች፣ መነጽር የምታደርጊ ከሆነ ሱቅ ሄደሽ መነጽርሽን ሳታወልቂ ሞክሪያት፣ ጥጋጥጉ ላይታይሽ ይችላል። ግን አለች።

አሁን በተራው አር50 ምን ይጎድለዋል? እውነቱን ልንገርሽ፣ እሱም ይጎድለዋል። የሄድፎን መሰኪያ የለውም፣ ሶኒው አለው። ስለዚህ ቪዲዮ ስትቀርጪ ድምፁን እዛው እየሰማሽ መቆጣጠር አትችዪም። ቪዲዮ በአንዴ ከ1 ሰዓት በላይ አይቀርጽም፣ ሶኒው እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም። የሶኒው የራሱ ማይክም ይሻላል፣ ባለሦስት ካፕሱል ነው፣ ነፋስ የምትከላከል ፀጉራም ክዳንም ከካርቶኑ ውስጥ አብራ ትመጣለች። ቪዲዮ ብቻ የምትሠሪ ብትሆኚ ኖሮ ይሄ ጽሑፍ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ግን እስኪ የጎደለውን አንድ በአንድ እይው። ማይክ? ሁለቱም የውጭ ማይክ መሰኪያ አላቸው፣ ለማስተማር ደሞ የትኛውንም የካሜራ ማይክ አትጠቀሚ፣ ደረትሽ ላይ የምትሰካ ትንሽዬ ማይክ ግዢ፣ ካሜራው የትም ይሁን ድምፅሽ ቅርብ ሆኖ ይሰማል። የስፌት መኪና ጠረጴዛው ላይ ሲንገጫገጭ የካሜራው ማይክ ከአንቺ ድምፅ ይልቅ መኪናውን ነው የሚያነሳው። ሄድፎን? መጀመሪያ 20 ሴኮንድ ሞክረሽ ትቀርጪና መልሰሽ ታዳምጫለሽ፣ ደህና ከሆነ ትቀጥያለሽ፣ እዳው ገብስ ነው። 1 ሰዓት? እህቴ፣ ኪስ አሰፋፍ ለማሳየት ሳይቋረጥ 1 ሰዓት የሚቀረጽ ነገር የለም፣ ክሩን ስትቀይሪ ታቆሚዋለሽ፣ ልጆቹ ሲጠሩሽ ታቆሚዋለሽ። የአር50 ጉድለት ሁሉ በትንሽ ዕቃና በትንሽ ብልሃት ይሞላል። የዜድቪ-ኢ10 ጉድለት ግን አንቺ ብዙ ጊዜ የምታነሺው ነገር ላይ ነው የሚመጣው፣ መሙያም የለውም። ክርክሬ ይሄው ነው በቃ።

ቪዲዮው ላይም ቢሆን ካኖኑ የሚናቅ እንዳይመስልሽ። 4ኬ (በጣም ጥርት ያለ የቪዲዮ ጥራት ነው) በሴኮንድ 30 ፍሬም ሲቀርጽ የሴንሰሩን ሙሉ ስፋት ነው የሚጠቀመው፣ ከ6ኬ አሳንሶ ስለሚያወጣው ምስሉ በጣም ጥርት ያለ ነው። ሶኒው በ30 ፍሬም 4ኬ ሲቀርጽ ግን 1.23 ያህል ክሮፕ ያደርጋል፣ ማለትም ፍሬሙ ይጠባል። (በ24 ፍሬም ከሆነ ክሮፕ አያደርግም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም።) አብሮት የሚመጣው ሌንስ በ16 ሚሜ ስለሚጀምር ከካኖኑ 18 ሚሜ ይሰፋል ብለሽ ትደሰቻለሽ፣ ከዛ 4ኬ ላይ ስታደርጊው ክሮፑ ይመጣና ሁለቱም በፉል ፍሬም ሂሳብ 29 ሚሜ አካባቢ ይገናኛሉ። ወረቀት ላይ ያለው ብልጫ ሥራ ላይ ሲመጣ የለም።

ሌላው ሶኒው ላይ ብዙ ሰው የሚያማርርበት ሮሊንግ ሻተር የሚባለው ነገር ነው። ካሜራውን ቶሎ ወደ ጎን ስታዞሪው ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር፣ የበር መቃን በይው፣ ያዘነብላል። ካሜራ ሁሉ ትንሽ አለበት፣ እዚህኛው ላይ ግን በደንብ ይታያል። አንቺ ትራይፖድ ላይ አስቀምጠሽ ስለምትቀርጪ ስፌቱ ላይ አይነካሽም፣ ከልጆች ኋላ እየሮጥሽ ስትቀርጪ ነው የሚታየው። ሜኑውም የድሮው የሶኒ ሜኑ ነው፣ እጅ እግሩ አይያዝም፣ ስክሪኑን በጣትሽ መንካት የምትችዪው ፎከስ ለማስያዝ ያህል ነው እንጂ ሜኑው ውስጥ ጣት አይሠራም። ካኖኑ ላይ ሁሉም ነገር በጣት ይሠራል፣ ከስልክ ለመጣ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ቴክኒክ የሚወዱ ሰዎች ናቸው የሚንቁት።

ሶኒው ላይ «ፕሮዳክት ሾውኬስ» የሚል ነገር አለ፣ ዕቃ ወደ ካሜራው ስታስጠጊ ፎከሱ ከፊትሽ ለቆ ዕቃው ላይ ይሄዳል፣ ሻጮች ሁሌ ይሄን ነው የሚያሳዩሽ። ለስፌት አስተማሪ አሪፍ ነገር ነው፣ ጨርቁን አንስተሽ «ይሄ ስፌት ይታያችኋል?» ስትዪ ጨርቁ ጥርት ይላል። ካኖኑም ላይ ለዚሁ ሥራ የተሰናዳ የቪዲዮ ሞድ አለ፣ ስለዚህ ይሄን ብልጫ ነው ብለው ካቀረቡልሽ ሳቅ በይና እለፊ። አውቶፎከሱ በአጠቃላይ ሁለቱም ላይ ከስልክ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፣ የሰው ዓይን አግኝተው ይይዛሉ፣ የካኖኑ አዲስ ስለሆነ ሰው፣ እንስሳ፣ መኪና ምናምን ለይቶ ይከተላል። በዚህ ላይ ብዙ አላደክምሽም።

ሶኒው በእውነት የሚበልጥበትን ካልነገርኩሽ ግን ያስተዛዝበናል። ሌንስ ነው። የሶኒ ኢ-ማውንት (ማውንት የሌንስ መግጠሚያው ነው) ከ2010 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሲግማ በይው ታምሮን በይው ሌንስ የሚሠሩት ሌሎች ኩባንያዎች ሁሉ ሲሠሩለት ኖረዋል፣ አዲስም ያገለገለም እንደልብ ይገኛል፣ በየኪሱ የሚሆን አለ። ካኖን አርኤፍ የሚባለውን ማውንት ያመጣው በ2018 ነው፣ ለእንደ አር50 ዓይነት ትንንሽ ካሜራ የተሠራ ሌንስ ደሞ ለረጅም ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነበር፣ ሰዉ በትክክል ነው ሲያማርር የነበረው። በ2024 ነው ነገሩ የተቀየረው፣ ሲግማና ታምሮን ለዚህ ማውንት መሥራት ጀመሩ፣ ሲግማ ባለ ኤፍ 1.4 ሌንሶቹን (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ ልክ ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል)፣ 16፣ 23፣ 30፣ 56 ሚሜ፣ እና 18-50 ኤፍ 2.8 ዙሙን አመጣ። አሁንም የሶኒውን ያህል አይሆንም፣ አንቺ ግን ሃያ ሌንስ አይደለም የምትገዢው፣ ሦስት ነው፣ ሦስቱም አሉ። ከዚህ በፊት ያነበብሽው ወቀሳ ከ2024 በፊት የተጻፈ ከሆነ ቀኑን እያየሽ አንብቢ።

ስለ ሌንስ ካነሳን እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ማታ ቤት ውስጥ ያስቸገረሽን ነገር ካሜራው ብቻውን አይፈታውም። ስልክሽ ብዥ ያደረገው ብርሃን ስላነሰው ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መጋረጃ) ረጅም ጊዜ ከፍቶ ስለሚጠብቅ ነው፣ እሱ ብርሃን እስኪጠራቅም ልጅቷ ሄዳለች። አዲሱ ካሜራም አብሮት በሚመጣው ሌንስ እዛው ችግር ውስጥ ይገባል። የአር50 ኪት ሌንስ 18-45 ሚሜ ነው፣ 45 ላይ ስታደርሺው ኤፍ 6.3 ብቻ ነው የሚከፍተው፣ ይሄ ጠባብ ቀዳዳ ነው። አንድ ኤፍ 1.8 ሌንስ ከዚህ 12 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ምን ማለት መሰለሽ፣ በ1/40 ሴኮንድ ብዥ ያለው ፎቶ በ1/480 ይነሳል ማለት ነው፣ የምትሮጥ የ3 ዓመት ልጅ ደሞ ከ1/250 በታች ፎቶ አትሰጥሽም። ሌንሱ ላይ ያለው ስታቢላይዜሽን ያንቺን እጅ መንቀጥቀጥ ነው የሚይዘው፣ የልጅቷን ሩጫ አይደለም፣ ይሄን ሻጮች ሆን ብለው ያምታቱታል። ሁለቱም ካሜራ ቦዲው ውስጥ ስታቢላይዘር የላቸውም፣ በዚህም እኩል ናቸው።

የትኛውን ኤፍ 1.8? ብዙ ሰው «50 ሚሜ ግዢ ርካሽ ነው» ይልሻል። ርካሽ መሆኑስ እውነት ነው፣ ግን አር50 ላይ 80 ሚሜ ይሆንብሻል፣ ሳሎን ውስጥ ልጅቷን ሙሉ ለማንሳት ግድግዳው ውስጥ መግባት አለብሽ። ለአንድ ሰው ፊት ግሩም ነው፣ ለቤት ውስጥ ሩጫ ጠባብ ነው። የሲግማ 30 ሚሜ ኤፍ 1.4 ወይም 23 ሚሜው ቢሆን ነው የምመርጥልሽ። ሶኒው ብትገዢም ያው ይሄንኑ ነበር የምልሽ።

ለሜዳው ደሞ ኪት ሌንሱ አይሆንም፣ የሁለቱም ካሜራ ኪት ሌንስ አጭር ነው፣ ልጅሽ ጉንዳን ሆኖ ነው የሚወጣው። አር50 ብዙ ጊዜ በሁለት ሌንስ ካርቶን ይሸጣል፣ 18-45 እና 55-210። ይሄን ካርቶን ፈልጊ፣ ለየብቻ ከመግዛት ብዙውን ጊዜ ይረክሳል። 55-210ው ቀን ላይ በጣም ደህና ነው፣ ጥግ ላይ ስታደርሺው ግን ኤፍ 7.1 ነው፣ ሲመሽ ይጨልምበታል፣ የምሽት ጨዋታ ላይ አትጠብቂበት። የሶኒው 55-210 ኤፍ 6.3 ስለሆነ በጥቂቱ ይሻላል፣ በጥቂቱ ነው ግን።

ገንዘብሽን እንዲህ ክፈዪው፦ ቦዲው ላይ ሁሉንም አታፍስሺ። ባለሁለት ሌንሱን ካርቶን ገዝተሽ ለኤፍ 1.4ቱ ወይ ለ1.8ቱ የሚሆን ካልተረፈሽ፣ ካሜራውን ያገለገለ ግዢና ሌንሱን ጨምሪ። ያገለገለ ስትገዢ ሌንሱን አውልቀሽ ሴንሰሩ ላይ ጭረት ካለ እይ፣ ነጭ ግድግዳ በኤፍ 16 አንሺና አጉልተሽ ጥቁር ነጥብ ካለ ፈልጊ (አቧራ ከሆነ ይጸዳል፣ ጭረት ከሆነ ተዪው)፣ ስክሪኑን ወደ ጎን ከፍተሽ አዙሪው፣ ፍላሹ ይነሳ እንደሆነ፣ ዩኤስቢውና ማይክ መሰኪያው ላላ ያለ እንደሆነ ሞክሪ።

አንድ ነገር ግን በጣም ልብ በይ። ስሞቹ ይመሳሰላሉ፣ እዛ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። አር100 የሚባል አለ፣ ሻጩ «ያው ነው፣ እንዲያውም ቁጥሩ ይበልጣል፣ ዋጋውም ይቀንሳል» ሊልሽ ይችላል። ያው አይደለም። ስክሪኑ አይዞርም፣ በጣት አይሠራም፣ 4ኬ ላይ ፍሬሙ ይጠባል፣ አውቶፎከሱም እዛ ላይ ደካማ ነው። ከስፌት ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጠሽ ራስሽን ማየት ካልቻልሽ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። በ2025 ደሞ አር50 ቪ የሚል ወጣ፣ አንዲት ፊደል ነች የተጨመረችው፣ ለቪዲዮ የተሠራ ስለሆነ ቪውፋይንደር የለውም! ያንን ከገዛሽ እስካሁን የተከራከርኩልሽ ሁሉ ገደል ገባ። ካርቶኑ ላይ ያለውን አንብቢ፣ ከዛ ካሜራውን አዙረሽ ዓይን ማስጠጊያው መኖሩን በዓይንሽ እይ። የሶኒውም አዲሱ፣ በ2024 የወጣው ዜድቪ-ኢ10 ማርክ 2፣ ባትሪው ትልቅ ሆኖ ሴንሰሩ ተሻሽሎ መጥቷል፣ ቪውፋይንደር ግን አሁንም አልገባለትም።

ሌላ አር50 ላይ የሚያበሳጭ ነገር፣ የፍላሽ መግጠሚያው አዲስ ዓይነት ነው። የድሮ ፍላሽ፣ የጓደኛ ፍላሽ፣ ርካሽ ፍላሽ ብትገጥሚበት አይሠራም፣ መሃል ላይ የምትነካው ነጥብ የለችውም። ለድሮ የካኖን ፍላሽ ኤዲ-ኢ1 የሚባል አዳፕተር ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ያለ ፍላሽ በኤፍ 1.4 ብታነሺ ይሻልሻል፣ ግን ሰው «ፍላሽ አለኝ ውሰጂው» ቢልሽ መጀመሪያ ይሄን አስቢ። በራሱ ላይ የምትነሳ ትንሽ ፍላሽ አለው፣ ሶኒው ያቺም የለችውም።

በይ ካሜራው መጣ እንበል። የመጀመሪያው የኳስ ቀን ላይ አውቶ ላይ አትተዪው። ማዞሪያውን ቲቪ የሚለው ላይ አድርጊ (ቴሌቪዥን አይደለም፣ ሻተሩን አንቺ ትመርጫለሽ ሌላውን እሱ ይመርጣል ማለት ነው)፣ 1/1000 ስጪው፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አውቶ ላይ ተዪው፣ ፎከሱን ሰርቮ (የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ ፎከስ የሚይዘው) አድርጊ፣ የሚከተለውን ነገር «ሰው» ላይ አድርጊ፣ ከዛ ተከታታይ ማንሻውን ክፈቺ። በሴኮንድ 12 ያነሳል። 15 የሚያነሳበት ኤሌክትሮኒክ ሻተርም አለ፣ አትጠቀሚው፣ ያው ሮሊንግ ሻተር ነው፣ በፍጥነት የምትሄደው ኳስ ሞላላ ሆና ትወጣለች። ጣትሽን ተጭነሽ አትቁሚ፣ ሊመታ እግሩን ሲያነሳ ጀምሪና ሲመታ ልቀቂ፣ ካሜራው «ሮው» በሚባለው ባልተቀነባበረ ትልቅ ፋይል እያነሳሽ ከሆነ ቶሎ ይሞላና ይቆምብሻል፣ ለኳስ ጄፔግ ይበቃሻል። ቁመሽ ሳይሆን ተንበርክከሽ አንሺ፣ ከልጆቹ ዓይን እኩል ስትሆኚ ከኋላቸው ሳሩ ሳይሆን ሜዳው ርቆ ይታያል። አይኤስኦው 3200 ወይ 6400 ደረሰ ብለሽ አትደንግጪ፣ ትንሽ ፍንጣሪ ያለበት ጥርት ያለ ፎቶ ብዥ ካለ ንጹህ ፎቶ ይሻላል።

ቦርሳ፣ ፊልተር፣ ትራይፖድ ላልሽው። ፊልተሩን ተዪው፣ ሻጩ «ሌንሱን ይጠብቃል» ይልሻል፣ የሌንሱ ሁድ (ጫፉ ላይ የሚገጠመው ከለላ) ከመጋጨት የበለጠ ይጠብቀዋል፣ ርካሽ ፊልተር ማታ አምፖል ሲያይ ቦግ ቦግ ያለ ነጸብራቅ ያመጣብሻል። ቦርሳ ያለሽን የእጅ ቦርሳ ውስጥ ወፈር ያለ ጨርቅ ሰፍተሽ አስገቢበት፣ ሙያሽ አይደል እንዴ፣ ካሜራው ባትሪና ካርዱን ጨምሮ 375 ግራም ነው። ትራይፖድ ለትምህርቱ የግድ ነው፣ ግን ተራውን ሳይሆን መሃሉ ላይ ያለው ዘንግ ወደ ጎን የሚተኛውን ዓይነት ፈልጊ፣ እጅሽንና ጨርቁን ከላይ ወደታች ለመቅረጽ ሌላ መንገድ የለም፣ ስትጠቀሚ ደሞ ከዘንጉ በተቃራኒ በኩል እግሩ ላይ ክብደት ያለው ነገር አንጠልጥዪ፣ አለበለዚያ ካሜራው መርፌው ላይ ነው የሚወድቀው። ሜሞሪ ካርድ ቪ30 (የፍጥነቱ ምልክት ነው) የሚል ኤስዲ ግዢ፣ 64 ጂቢው 4ኬ ወደ 1 ሰዓት ገደማ ይይዝልሻል። ሁለተኛ ባትሪ ግን ከሁሉም በፊት፣ ስሙ ኤልፒ-ኢ17 ነው፣ ቪውፋይንደር እየተጠቀምሽ ስታነሺ ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ እንዳያልቅብሽ።